የአእምሮ ጤና በትምህርት ቤት ግቢ፤ የአንድ ቢሮ ሥራ ወይስ የሁሉም?

በአገራችን ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ደኅንነቱ ነው። «እንዴት አደርክ? ደኅና ነህ? ቤተሰብ ደኅና?» ይባባላል። መልሱም የታወቀ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ጠያቂው መልሱን በቅጡ ሳይሰማ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል፤ ተጠያቂውም የሆዱን በሆዱ ይዞ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ባህላችንን ልነቅፍ አይደለም የተነሳሁት። ነገር ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ አንድ ተማሪ «ኧረ እኔስ ደኅና አይደለሁም» ብሎ የሚናገርለት ሰው፣ የሚናገርበትም ቦታ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አለው ወይ? በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው።

«የአእምሮ ጤና» የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ስለኖረ ስሙ የሆስፒታል ስም መሆኑ ቀርቶ ወደ ስድብነት ተጠግቷል። «ይሄማ አማኑኤል መግባት አለበት!» እየተባለ ሲቀለድ ያልሰማ የለም። ታዲያ በዚህ ቋንቋ ያደገ ልጅ «ጨንቆኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ለማለት ቢፈራ ምን ይገርማል? የዓለም ጤና ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው መመሥረቻ ሰነዱ ጤና ማለት በሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የተሟላ አካላዊ፣ አእምሯዊና ማኅበራዊ ደኅንነት ነው ይላል። ስለዚህ ስለ አንድ ትምህርት ቤት የአእምሮ ጤና ስንነጋገር «ስንት በሽተኛ አላችሁ?» ማለታችን አይደለም። ልጁ ይተኛል? ጓደኛ አለው? በሩን አልፎ ወደ ግቢ ሲገባ የሚፈራው ነገር አለ? መምህሩስ ሰኞ ጠዋት በምን ስሜት ነው የሚመጣው? የሚሉትን ሁሉ ያጠቃልላል።

ለመሆኑ ትምህርት ቤት ላይ ማተኮር ለምን አስፈለገ? እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ልጆች ከሰባቱ አንዱ አንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመና 192 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ደግሞ ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ 14 ዓመት ሳይሞላ፣ ግማሽ ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። እነዚህን ሁለት ዕድሜዎች ወደ እኛ አገር አምጥተን እንያቸው። 14 ማለት ልጁ ለ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚዘጋጅበት ጊዜ ነው፤ 18 ማለት ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚፈተንበት ጊዜ ነው። ሕመሙ የሚጀምርበት ዘመንና ልጁ በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ የሚውልበት ዘመን አንድ ነው ማለት ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተናን ካነሳሁ አይቀር ጥቂት ልቆይበት። በ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ውጤቱ በተነገረ ቁጥር በየመገናኛ ብዙኃኑ የሚነሳው ክርክር ስለ ትምህርት ጥራት ነው። መነሳቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያላለፉት ልጆች በማግስቱ ጠዋት ከአልጋቸው እንዴት ተነሡ? ብሎ የጠየቀ ዘገባ ብዙም አላነበብኩም። በ2015ቱ ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንግዲህ እንዲህ ዓይነቱን ትምህርት ቤት በዓይነ ኅሊናችን እንሳለው። የወደቀው ተማሪ ብቻ አይደለም የተጎዳው። ዓመቱን ሙሉ ጠመኔ ሲያራግፍ የከረመው መምህር አለ። ወረዳ ተጠርተው «ምን ሠራችሁ?» የሚባሉት ርዕሰ መምህር አሉ። በግ ሸጦ የመጽሐፍ ያወጣ አባት አለ። ደግሞም «እኛም የሚጠብቀን ይኸው ነው» ብሎ ደብተሩን የሚዘጋ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለ። ቁስሉ የግቢው ሁሉ ነው፤ ለአንድ ለአንድ ሰው ምክር በመስጠት ብቻ የሚሽር አይመስለኝም።

በተለምዶ ግን መፍትሔ ተብሎ የሚታሰበው አንድ ነገር ነው፤ የምክር አገልግሎት ቢሮ። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አማካሪ። ብዙ ጊዜ ቢሮው የሚገኘው ከዲሲፕሊን ኮሚቴው ወይም ከዩኒት ሊደሩ ቢሮ አጠገብ ነው። ስለዚህ ወደዚያ የሚገባ ተማሪ ወይ አጥፍቷል ወይ «ነክቶታል» ተብሎ ይጠረጠራል። አማካሪውም ሰው ሲጎድል ሲቪክስ ያስተምራል፣ የሰዓት ተቆጣጣሪ ይሆናል፣ የመጽሐፍ ስርጭት ይመራል። ሰውየውን መውቀስ አልችልም፤ አንድ ሰው ለሁለትና ለሦስት ሺህ ተማሪ ምን ያድርግ?

ጉዳዩን ሳገላብጥ ከሁሉ ይበልጥ የሳበኝ ከወደ ሕንድ የመጣ ጥናት ነው። ቢሃር የምትባለው የሕንድ ግዛት በአገሪቱ ካሉት ድሆች ክልሎች አንዷ ናት፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንደ ልብ የሚገኝባት አይደለችም። ሳንጋት የተባለው የሕንድ ድርጅት በዚያች ግዛት ናላንዳ በሚባል አውራጃ በሚገኙ 74 የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ሴሄር» የተባለ ፕሮግራም ሞከረ። ውጤቱም በ2018 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በጥናቱ ሲጀመር የተሳተፉት ተማሪዎች ከ13 ሺህ በላይ ሲሆኑ ሁሉም የ9ኛ ክፍል ልጆች ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቶቹ በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። በመጀመሪያው ምድብ ለየትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ተመደበለት፤ ሐኪም አይደለም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለም፣ መምህርም አይደለም። ሥልጠና የተሰጠው ተራ ሰው ነው። ስሙን «ሴሄር ሚትራ» አሉት፤ ሚትራ በሂንዲ ወዳጅ ማለት ነው። በሁለተኛው ምድብ ይህንኑ ሥራ ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ ደርቦ እንዲሠራ ተደረገ። ሦስተኛው ምድብ ከተለመደው የክፍል ውስጥ የሕይወት ክህሎት ትምህርት ሌላ ምንም አልተጨመረለትም።

ታዲያ ይህ ወዳጅ የተባለው ሰው ምን ሠራ? ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ከሥራው አብዛኛው የእኛ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ጠዋት በሰልፍ ላይ ስለ አንድ ጉዳይ ለተማሪው ሁሉ ይናገራል። የግድግዳ ጋዜጣ ያዘጋጃል፤ ተማሪዎች ይጽፉበታል፣ ይስሉበታል። የሐሳብ መስጫ ሣጥን ይሰቅላል፤ ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ ጥያቄውን ወይም ቅሬታውን ይከትበታል። ውድድር ያዘጋጃል። ርዕሰ መምህሩ፣ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች ያሉበት የጤና ኮሚቴ ያቋቁማል። ከዚያም በትንንሽ ቡድን ልጆቹን ያወያያል። በመጨረሻ ብቻውን መነጋገር ለሚፈልግ ተማሪ ጊዜ ይሰጣል። የሚነሡት ጉዳዮችም የአእምሮ ጤና በሚል ርዕስ ብቻ የታጠሩ አልነበሩም። ንጽሕና፣ የአጠናን ዘዴ፣ በጉልበተኞች መጠቃት፣ ሱስ፣ የሴቶችና የወንዶች እኩልነት፣ የተማሪ መብትና ግዴታ ሁሉ ይነሡ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ አንድ ልጅ ስለ አጠናን ዘዴ ሊጠይቅ ገብቶ ቤቱ ስላለው ጠብ ቢናገር ማንም «እብድ ነው» አይለውም። በሩ ሰፊ ነው።

ስምንት ወር ገደማ ቆይቶ ሲለካ ወዳጁ የተመደበላቸው ትምህርት ቤቶች ተለውጠው ተገኙ። ተማሪዎቹ ከመምህራኖቻቸውና እርስ በርሳቸው ያላቸው ግንኙነት፣ ለትምህርት ቤታቸው ያላቸው ስሜት በጣም ተሻሻለ። የድብርት ምልክቶች ቀነሱ፣ መደብደብና መጠቃትም ቀነሰ። መምህር ደርቦ በሠራባቸው ትምህርት ቤቶች ግን ከሦስተኛው ምድብ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ያው ፕሮግራም፣ ያው ሣጥን፣ ያው የግድግዳ ጋዜጣ! ልዩነቱ ሥራውን የሠራው ሰው ማንነት ብቻ ነው።

ይህ ውጤት ለመምህራን ስድብ እንዳይመስል እፈራለሁ፤ ይህን ቡለቲን መምህራኖቻችንም ያነቡታልና። በእኔ እይታ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጊዜ ነው። በሳምንት ሃያ ምናምን ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፣ ስድሳ ስድሳ ተማሪ ያለበትን ክፍል ፈተና የሚያርም፣ ሆምሩም የሆነ፣ የክበብ ተጠሪ የሆነ መምህር ላይ «የልጆቹን ጭንቀትም አድምጥ» ብሎ መጨመር በተጫነች አህያ ላይ ሌላ ጆንያ መጫን ነው። ሁለተኛው ሥልጣን ነው። መምህሩ ማርክ ይሰጣል። ቤት ውስጥ ስለሚደርስበት ነገር ለሒሳብ መምህሩ የተናገረ ልጅ በማግስቱ ያው መምህር ሰሌዳ ላይ ሲያስወጣው ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቡት። ወሬው ስታፍ ቢሮ ሻይ ላይ ቢነሳስ? መምህሩ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም ልጁ የማይነግረው፤ ሁለት ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ነው።

ሌላም ጥናት አለ፣ እሱን ባጭሩ ልለፈው። በእንግሊዝ 85 ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ማይንድፉልነስ» የሚባለውን ረጋ ብሎ ትንፋሽንና ሐሳብን የመከታተል ልምምድ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት በመምህራን በኩል ሰጥተው ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት በተማሪዎቹ የአእምሮ ጤና ላይ ከተለመደው ትምህርት የበለጠ ጥቅም አላሳየም። የሚገርመው በመምህራኑ መሰላቸትና በትምህርት ቤቱ ድባብ ላይ ግን መጠነኛ መሻሻል ታየ። ክፍል ውስጥ አንድ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ማስገባት በራሱ መድኃኒት አይደለም ማለት ነው። የእኛም ትምህርት ቤቶች አዲስ ችግር በመጣ ቁጥር ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ አንድ ምዕራፍ መጨመር ይወዳሉ፤ ተማሪው ምዕራፉን ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል።

ወደ አገራችን ስመለስ በቢሃር ከባዶ የተጀመሩት ነገሮች አብዛኞቹ በእኛ ትምህርት ቤቶች ድሮም አሉ። የጠዋት ሰልፍ አለን፤ ባንዲራ ይሰቀላል፣ መልእክት ይተላለፋል። ክበባት አሉን፤ በፀረ ኤድስ ክበብ ድራማና ግጥም ያልሠራ የ1990ዎቹ ተማሪ ጥቂት ነው ይላሉ ታላላቆቻችን። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት አለን። የአስተያየት መስጫ ሣጥንም አለን፤ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ባይኖርም። ከሁሉም በላይ ሚኒ ሚዲያ አለን።

ስለ ሚኒ ሚዲያ ሳወራ ከዳር ሆኜ አይደለም፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክበቡ አባል ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት የዕለቱ ጥቅስ፣ «ይህን ያውቁ ኖሯል?»፣ የስፖርት ዜና፣ ከዚያ ዘፈን። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። አንድ ቀን፣ የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና ውጤት ሰሞን፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ማይኩን ተቀብለው ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን ተማሪዎች ስም ከነአባታቸው አነበቡ። ሐሳባቸው ልጆቹን ማትጋት ነበር፤ ይህን አልጠራጠርም። ስሟ ከተጠራው ልጆች አንዷ ግን ለሳምንት ያህል ከትምህርት ቤት ቀረች፤ ተመልሳ ስትመጣም በእረፍት ሰዓት ከክፍል አትወጣም ነበር። መንገድ ላይ ያሉ ሊስትሮዎች ሳይቀሩ ስሟን ሰምተዋላ! ያው ማይክ፣ ያው ድምፅ ማጉያ አንድን ልጅ መስበር ከቻለ ማቆምም መቻል አለበት ብዬ የማምነው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። በሪፖርት ካርዳችን ላይ «ደረጃ» የምትባል ሳጥን አለች። አንደኛ የወጣው ይሸለማል፣ ይጨበጨብለታል፤ መልካም ነው። 58ኛ የወጣው ልጅ ግን ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ እንዴት ይሄዳል? ከስድሳ ልጅ አንዱ ሁልጊዜ ስድሳኛ መሆኑ የሒሳብ ግዴታ ነው፤ ሁሉም ቢጎብዙ እንኳ አንዱ መጨረሻ ይወጣል። እርግጥ ውድድር ያበረታል የሚሉ አሉ፣ ሐሳባቸውንም አከብራለሁ። ውጤቱን ለልጁና ለወላጁ ብቻ መንገር እየተቻለ በአደባባይ ማንበቡ ግን ምን እንደሚጨምር እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

በአንድ ግቢ ውስጥ ደግሞ ከመምህርና ከተማሪ ሌላ ሰው እንዳለ እንረሳለን። የጥበቃ ሠራተኛው ጋሼ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዱን ልጅ ያያሉ። ማን ያለቁርስ እንደመጣ፣ ማን እያለቀሰ እንደገባ፣ ማን ሦስት ቀን እንደቀረ ከሆምሩሙ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተደብቃ የምታለቅስ ልጅ ያገኛሉ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው በእረፍት ሰዓት ሁልጊዜ ብቻውን የሚቀመጠውን ልጅ ያውቀዋል። እነዚህ ሰዎች በስብሰባ አይጠሩም፣ ሥልጠና ሲመጣ አበሉ የሚደርሰው ለሌላ ነው። ለእነሱ ግማሽ ቀን ተሰጥቶ «እንዲህ ዓይነት ነገር ካያችሁ ለዚህ ሰው ንገሩ» ቢባሉ የሚጠይቀው ወጪ ሻይና ዳቦ ነው። ትምህርት ቤቱን በሙሉ ያካተተ ድጋፍ ሲባል እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው።

መምህራኑም የድጋፉ ሰጪዎች ብቻ ሳይሆኑ ተቀባዮችም መሆን አለባቸው። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው፣ ከትምህርት በኋላ አስጠኚ ሆኖ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር፣ በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሌላ ወረዳ የተመደበ መምህር ስንት አለ። እሱን «ደኅና ነህ?» የሚለው ማን ነው? የተቆጣ መምህር የሚያስተምረው ክፍል የተረጋጋ ሊሆን አይችልም። የሥራ ክፍፍሉ ፍትሐዊ ሲሆን፣ ርዕሰ መምህሩ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው ጠርቶ ሲመክረው የመምህሩ ዕረፍት ለተማሪውም ይተርፋል።

ወላጆችን በተመለከተ አንድ ስሱ ጉዳይ አለ። ልጁ ሲለወጥ፣ ዝም ሲል ወይም ብቻውን ሲያወራ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚወስደው ጠበል ነው፣ ወይም ወደ ሼኹ ዘንድ ነው። የተማርን ነን የምንል ወጣቶች ይህን ስንሰማ መሳቅ ይቀናናል። መሳቃችን ግን ቤተሰቡን ከማራቅ ሌላ ጥቅም የለውም። ጠበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ እንደሚቻል ከልጁ እናት ጋር ቁጭ ብሎ በአክብሮት መነጋገር ይሻላል። «እማማ፣ ጠበሉን አይተዉት፤ ሐኪም ዘንድም አንዴ እናሳየው» የሚል የሚታመን ሰው ያስፈልጋል። በትምህርት ቤቱ ኅብረት ውስጥ ቄሱም፣ ሼኹም፣ ፓስተሩም እንደ ወላጅ አሉበት፤ እነሱ አንዴ ከተናገሩት የእኛ አሥር በራሪ ወረቀት አይወዳደረውም።

ከላይ ያልኩት ሁሉ ግን ለጠና ሕመም ይበቃል ማለቴ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ያጣ፣ የሚወደውን ነገር ሁሉ የተወ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ተማሪ የጤና ባለሙያ ማየት አለበት። አሁን ነገሩ አማኑኤል ብቻ አይደለም፤ በየክልሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶዶ ወረዳ በተካሄደው «ፕራይም» በተባለ ፕሮጀክት ደግሞ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሠልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች እዚያው በአካባቢያቸው እንዲያክሙ ተደርጓል። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ማን ጋር እንደሚልክ፣ ልጁን ማን አብሮት እንደሚሄድ፣ ለቤተሰቡ ማን እንደሚናገር አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ሊኖረው ይገባል። እሳት ከተነሣ በኋላ ውኃ ፍለጋ አይኬድም።

«ስለ ሞት ብትጠይቀው ሐሳቡን ታስገባበታለህ» የሚል ፍርሃት በመምህራንም በተማሪዎችም ዘንድ አለ። ባለሙያዎች የሚሉት ግን ተቃራኒውን ነው። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙ ጊዜ ልጁን እፎይ ያሰኘዋል። የማይደረገው ነገር «በል ምስጢሬን ጠብቅልኝ» ሲል ቃል መግባት ነው። የልጁ ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ምስጢሩ ለሚረዳው ሰው መነገር እንዳለበት ገና ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባል። ብቻውን መተውም አይገባም።

እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ይገባል። በአንድ ግቢ ውስጥ ተማሪ ራሱን ቢያጠፋ ሚኒ ሚዲያው፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው፣ የቴሌግራም ገጹ ምን ብሎ ይነግራል? በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና በምድር ባቡር ጣቢያዎች የሚደርስ ራስን የማጥፋት ድርጊት በጣም ጨምሮ ነበር፤ ጋዜጦችም እየተከታተሉ በፊት ገጽ፣ በትልልቅ ፊደልና በፎቶግራፍ ያወጡት ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. የባለሙያዎች ማኅበር ለጋዜጠኞች መመሪያ አዘጋጀ፣ ጋዜጦቹም አዘጋገባቸውን ለወጡ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ቁጥሩ በከፍተኛ መጠን ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2000 እ.ኤ.አ. ለመገናኛ ብዙኃን የሚሆን መመሪያ አሳትሞ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ አሻሽሎታል። ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ለማስታወስ አያስቸግሩም። የተፈጸመበትን መንገድና ቦታ አትዘርዝር። «በፈተና ስለወደቀ» ብለህ በአንድ ምክንያት አትደምድም። የተወውን ደብዳቤ አታትም። ሟቹን እንደ ጀግናም እንደ ወንጀለኛም አታቅርብ። ዕርዳታ የት እንደሚገኝ ጻፍ፤ ችግሩን አልፎ የኖረ ሰው ካለ ታሪኩን ንገር። እነዚህን በክፍል ውስጥ በሥነ ምግባር ኮርስ በጥቂት ደቂቃ እናልፋቸዋለን፤ ለሚኒ ሚዲያ ልጆች ግን የነገራቸው የለም። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ማይክ ይዞ የጓደኛውን ሞት ሲያረዳ ከእኛ በላይ ኃላፊነት ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በየዓመቱ ለማኅበረሰብ አገልግሎት ወደ ትምህርት ቤቶች መውጣታችን ካልቀረ ከጽዳት ዘመቻው ጎን በአቅራቢያችን ካሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሚኒ ሚዲያ ክበቡን ብናሠለጥንስ? ከሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት ልጆች ጋር ሆነን። የቢሃሩ «ወዳጅ» ሥልጠና የተሰጠው ተራ ሰው ነበር፤ በእኛ አገር ደግሞ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ተመርቀው በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ስንት ናቸው። ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ እንዲህ ዓይነት ሰው መቅጠር የሚቻል መሆን አለመሆኑ የትምህርት ቢሮ ጉዳይ ነው፤ የግድግዳ ጋዜጣ መጀመር ግን ካርቶን፣ ማርከርና ማጣበቂያ ነው።

ሣጥኑን በተመለከተ መጀመሪያ ሊወሰን የሚገባው ቁልፉ ማን ዘንድ ይሁን የሚለው ነው። ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ከሆነ ስለ መምህር የሚጻፍ የለም፤ ተማሪ ዘንድ ከሆነ ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ግቢውን ይዞረዋል። ሁለት ቁልፍ ቢደረግለት፣ አንዱ ከመምህራን ተማሪዎቹ ራሳቸው በመረጡት ሰው፣ ሌላው ከወላጆች ኅብረት በአንዲት እናት እጅ ቢሆን፣ ሣጥኑም በየሳምንቱ ዓርብ በሁለቱ ፊት ብቻ ቢከፈት ይሻላል ባይ ነኝ። መልሱ ስም ሳይጠቀስ ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ወይም በግድግዳ ጋዜጣው ይወጣል። የሚሰቀለውም ከአስተዳደሩ ቢሮ በር ላይ ሳይሆን ሰው ሳያይ ወረቀት ሊከትበት ወደሚችል ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መተላለፊያ ቢሆን ጥሩ ነው።